አሮጌ ሚሞሪ በአዲስ

ሸዋሮቢት መናኸሪያ አጠገብ፣ ከባጃጆቹ ማቆሚያ ፊት ለፊት፣ በሰማያዊ ቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ባለቤቷ ሙሀባ ትባላለች። የአባቷን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ «ሙሀባ ሚሞሪ» ካሉ ግን ከጀውሃ እስከ ጣርማ በር ያለ ሹፌር ሁሉ ያውቃታል። ሥራዋ ሚሞሪ መሸጥ፣ ሚሞሪ ላይ መጫንና አልሠራ ያለውን ማስተካከል ነው። «የሞተ ሚሞሪ ታስነሻለሽ አሉ» ሲሏት ትቆጣለች።

«ሙት የሚያስነሳው አላህ ብቻ ነው። እኔ ፎርማት አደርጋለሁ» ትላለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱ ካደረበት መንገድ ላይ ያደረበት ይበልጣል። ሙሀባ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ረጅም ነው፤ የደሴ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲወጣ እንኳ የእሷ «ቆይ፣ አትንቀለው!» ከላይ ይሰማል። በራሷ ሥራ አትጠራጠርም። ይህን የሚወዱላት አሉ፣ የሚጠሉባትም አሉ፤ ሚሞሪያቸው ሲበላሽ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ በር ላይ ይሰለፋሉ።

ደንበኛ መጥቶ «ስልሳ አራት ጊጋ ስጪኝ» ሲላት ዋጋ አትነግረውም። መጀመሪያ «ምን ላይ ልትሰካው ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሰው ይህን ጥያቄ አይወደውም፤ ገንዘቡን ይዞ መጥቶ ፈተና የተቀመጠ ይመስለዋል። እሷ ግን አትለቅም። አዲስ ስልክ ከሆነ የፈለገውን ይውሰድ። የቆየ የመኪና ቴፕ ከሆነ ከሠላሳ ሁለት ጊጋ አይለፍ፤ እሱም ቢሆን ኮምፒዩተሩ ላይ «ፋት ሠላሳ ሁለት» በሚባለው ዓይነት ፎርማት ካልተደረገ ቴፑ ዝም ይላል። ከዚያም የቆየ ማሽን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። «ትልቅ ሁሉ አይሻልም፤ ትልቅ ጫማ ገዝተህ ትሮጣለህ እንዴ?» ትላለች።

የሸጠችውን ሚሞሪ ሁሉ አስቀድማ አፉ ድረስ ትሞላዋለች። በፋይል ጢም አድርጋ ሞልታ፣ መልሳ ከፍታ፣ የገባው ሁሉ መውጣቱን ሳታይ ለሰው አትሰጥም። ይህን የተማረችው ከኮምፒዩተር አይደለም፤ ከአባቷ ነው። አባቷ የማሾ ነጋዴ ነበሩ። በይፋት ቆላ ማሾ የሸጠ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ተንኮል አለች፤ ከጆንያው አፍ ላይ የተለቀመ፣ የሚያብረቀርቅ ማሾ፣ ከሥሩ ግን አፈርና ጠጠር። ስለዚህ አባቷ ጆንያውን ሳይገለብጡ አይገዙም ነበር። ሙሀባ ሱቋን በከፈተች በመጀመሪያው ዓመት ይህን ረሳችው። ላዩ ላይ ስልሳ አራት የሚል፣ ውስጡ ግን ስምንት እንኳ በቅጡ የማይዝ ሚሞሪ ለአንድ አባት ሸጠች። የልጁ የምርቃት ፎቶ ከስምንት ጊጋው በኋላ ያለው በሙሉ ጠፋ። ሰውየው አልተሳደበም፤ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሙሀባ ሱቅ ውስጥ ሳይገለበጥ የተሸጠ ጆንያ የለም።

አሁን ስለ አስካለ እንናገር።

አስካለ የሙሀባ ጎረቤት ናት፤ ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጀውሃ ላይ፣ መንገድ ዳር ባለ ምግብ ቤት ስትጠብስ ኖረች። ጭሱ ዓይኗን በላው፤ ሐኪሙ «ከምድጃ ራቂ» አላት። ከምድጃ ርቃ ምን እንደምትበላ ግን አልነገራትም። በእጇ ጥልፍ ታውቅ ነበርና በኮምፒዩተር የሚሠራ፣ ያገለገለ የጥልፍ ማሽን አዲስ አበባ እንዳለ ሰማች። ብቻዋን ለመሄድ ፈርታ ሙሀባን ይዛ ሄደች።

ማሽኑ አሮጌ ነበር። ንድፉን የሚያነበው ከሚሞሪ ካርድ ነው፤ ካርዱን አውጥተው ንድፍ ይጭኑበታል፣ መልሰው ይሰኩታል፣ መርፌው ያንን ተከትሎ ይጠልፋል። ሙሀባ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ካርዱን ነቅላ አየችው፤ ውስጡ ያሉትን ንድፎች በሙሉ ወደ ላፕቶፗ ገለበጠች። አስካለ ያጠራቀመችውን ሁሉ በመቀነቷ ቋጥራ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

«ግዢው» አለች ሙሀባ። «ለሚሞሪው እኔ አለሁ።»

አስካለ ገዛችው። ሁለት ዓመት በሰላም ሠራች። የቄስ ካባ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የትምህርት ቤት ዓርማ፣ ሁሉንም ጠለፈች። ዓይኗም ተሻላት። ዘንድሮ ደግሞ ከቀወት ገጠር ካለ አጥቢያ አርባ የመዘምራን ቀሚስ መጣላት፤ ለንግሡ የሚደርስ፣ ደረቱ ላይ መስቀል ያለበት። ጨርቁ ተቆርጦ፣ ክሩ ተገዝቶ፣ አሥራ ሁለቱ አልቆ፣ ንግሡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ካርዱ ሞተ። ማሽኑ «ካርድ የለም» ብሎ ቆመ።

አስካለ ሙሀባን ላለማስቸገር ብላ ራሷ መላ መታች። «ትንሹ ቶሎ ካለቀ ትልቁ ይቆያል» ብላ አዲስ አበባ ለምትኖር ዘመዷ ደውላ አንድ መቶ ሃያ ስምንት ጊጋ አስመጣች። አራት ቀን ሄደ። ካርዱ መጣ፣ ተሰካ። ማሽኑ አሁንም «ካርድ የለም» አለ። ያኔ አጥሩን ዞራ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ ምነው አንቺ አስካለ?» አለች ሙሀባ። «ንድፎቹ እኔ ጋ አሉ፣ እነሱ አይጠፉም። ችግሩ ካርዱ ነው። ይህ ማሽን ከሁለት ጊጋ በላይ ያለውን አያውቀውም። ከዚያ በላይ ያለው ካርድ መልኩ አንድ ቢሆንም ዘሩ ሌላ ነው። ቆርጠሽ ብታሳንሺው፣ ፎርማት ብታደርጊው፣ ማሽኑ ሰላምም አይለው።»

«ታዲያ ሁለት ጊጋ ስጪኝ።»

ሁለት ጊጋ ሚሞሪ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዓመቱ! ሙሀባ አስመጪዎቹ ዘንድ ደወለች፤ ሳቁባት። አንዱ «እትዬ፣ ሙዚየም ይጠይቁ» አላት። ስልኩን ዘጋችና ተነሣች። ትንንሾቹ ካርዶች የት እንዳሉ ታውቃለች፤ በየቤቱ፣ በየመሳቢያው፣ ማያቸው በተሰበረ አሮጌ ስልኮች ሆድ ውስጥ ነው ያሉት። ማንም አይፈልጋቸውም፤ ማንም ግን አይጥላቸውም። ካርቶን ቀዳ በቀይ ስክሪብቶ ጻፈች፦ «አሮጌ ትንሽ ሚሞሪ አምጡ፤ በአዲስ ትልቅ እንለውጣለን።» ሱቋ በር ላይ ሰቀለችው።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት መጡ። ሁለቱ ስትሞላቸው መሃል ላይ ተበላሹ፤ የተጻፈባቸውን አይመልሱም። ሦስተኛው፣ ከማጀቴ የመጣ ገበሬ የሰጣት ሁለት ጊጋ፣ ጢም ብሎ ሞልቶ ጢም ብሎ ወጣ። ሙሀባ ሳመችው። ቢሆንም ማስታወቂያውን አላወረደችም፤ በአንድ ካርድ ተማምኖ ሥራ አይጀመርም፣ ማሽን ቢያንስ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ለአስካለም «መጠባበቂያ እስኪገኝ፣ እስከ ገበያ ቀን ታገሺ» አለቻት። ስህተቷ እዚህ ላይ ነበር።

ተመስገን የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ። ልቡ ደግ ነው፤ ወሬው ግን ከባጃጁ ይፈጥናል። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበውና አሰበ። ሙሀባ ሞኝ አይደለችም። ሞኝ ያልሆነ ሰው አዲሱን ሰጥቶ አሮጌውን አይወስድም። ስለዚህ አሮጌው ውስጥ አንድ ነገር አለ። ምን? ድሮ ድሮ በአሮጌ ሬዲዮና በአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ አለ፣ በወርቅ ዋጋ ይሸጣል ተብሎ ስንቱን ያንከራተተው ሜርኩሪ! ተመስገን ይህን ለመጀመሪያው ተሳፋሪ ሲነግር «ይመስለኛል» ብሎ ነበር። አራተኛው ተሳፋሪ ላይ ሲደርስ «ይመስለኛል» የምትለዋ ወርዳ ነበር።

በማግሥቱ አንድም ካርድ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ሰው ግን ይመጣል፤ በር ላይ ቆሞ ሙሀባን በዓይኑ ይመዝናታል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው በሙሉ የሚያወራውን ሙሀባ ብቻ አልሰማችም።

የሰማችው በአራተኛው ቀን፣ በገበያ ዕለት ጠዋት ነው። ጋሼ ነጅሙዲን መጡ። ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ የአባቷ የልብ ወዳጅ፣ አባቷ ሲሞቱ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ። ግራና ቀኝ አይተው ገቡና ከሽርጣቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። አራት አሮጌ ካርዶች ወጡ።

«አንቺስ ስንት ታወጪልኛለሽ?» አሉ በሹክሹክታ።

«በአራት አዲስ እለውጥልዎታለሁ ጋሼ። እንደተጻፈው።»

«እሱን ለሌላው በይው። እኔ ፍየሌን ሰጥቼ ነው ያመጣኋቸው። ውስጡ ያለውን አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ሙሀባ መጀመሪያ ሳቀች፤ ፍየሏ ትዝ ስትላት ሳቋ ቆመ። «ወላሂ ጋሼ፣ ምንም የለበትም። ለአስካለ ማሽን ፈልጌ ነው» አለች።

ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩዋት። «ልጄ፣ ነጋዴ ነሽ። ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ አያመሰግንም። አልፈርድብሽም።» ካርዶቹን መልሰው ቋጠሩ።

ሙሀባ ተሰምቷት የማያውቅ ነገር ተሰማት። ተሰድባ ታውቃለች፣ ተጣልታ ታውቃለች፤ «ውሸታም ነሽ፣ ግን አልፈርድብሽም» ተብላ አታውቅም። ስታድግ ያዩዋት ሰው ቃሏን ሰምተው አላመኗትም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ቃሉን የማያምኑት ሰው በምን ይከፍላል? ለአስካለ «እኔ አለሁ» ያለችውስ ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል? ተናደደች።

የለስላሳ ሳጥን አወጣች፤ መናኸሪያው በር ላይ ደፋችው፣ ወጣችበት። በገበያ ቀን ሰው ለመሰብሰብ ሙሀባ ማይክ አያስፈልጋትም።

«ስሙኝ! አሮጌ ሚሞሪ ውስጥ ሜርኩሪ የለም! ወርቅ የለም! ምንም የለም! የሰው ፍየል አታስጨርሱ!»

ሰው ተሰበሰበ። አንድ አዲስ ካርድ ከማሸጊያው አውጥታ በፒንሳ ሰበረችው። ከኋላ የተመስገን ድምፅ መጣ።

«ያማ አዲስ ነው! ያለው አሮጌው ላይ ነው!»

«እውነቱን ነው! አሮጌውን ትስበር!» አለ ሌላው። ጋሼ ነጅሙዲን ቋጠሯቸውን አጥብቀው ያዙ። ሙሀባ የእሳቸውን ልስበር ብላ መጠየቅ አልፈለገችም፤ የፍየል ዋጋ ነው። በመሳቢያዋ ደግሞ ያሉት አሮጌዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱንም አምጥታ የተበላሹትን ሁለቱን ሰበረች። «ሜርኩሪው አልቆበት ነው የተበላሸው» አለ ተመስገን፤ ሕዝቡም ይህ ማስረጃ ሆኖ ታየው።

አስካለ ከሰው መሃል ቆማለች። የተስማሙት ለዚያ ቀን ነበርና ካርዷን ልትወስድ ነው የመጣችው። ንግሡ ሰባት ቀን ቀርቶታል፤ ሃያ ስምንት ቀሚስ ተቆርጦ ቤቷ ተከምሯል። ሙሀባ በእጇ ያለችውን ደህናዋን ካርድ አየች፤ ቀና ብላ አስካለን አየቻት። አልጠየቀቻትም። እንዴት ብላ ትጠይቃታለች?

«ስበሪው» አለች አስካለ። አላመነታችም።

ሙሀባ ሰበረችው። ሁለቱን ስባሪ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ ለሕዝቡ ሰጠች። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጥቁር ላስቲክ፣ ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች፣ ሌላ ምንም የለም። ተመስገን በጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ በጥርሱም ሞከረው። ከዚያ «ምንም የለም» አለ፤ ድምፁ ሲሰማ ከሁሉ ሰው ይልቅ ያዘነው እሱ ነበር።

ሰው አፈረ። ሰው ሲያፍር ደግሞ ገበያው ትዝ ይለዋል፤ አንዱ ጨው ልግዛ አለ፣ አንዱ አህያዬ አለ፣ በአፍታ ውስጥ ሳጥኑ ላይ ሙሀባ ብቻዋን ቀረች። ወረደች። ሱቋ ገብታ ተቀመጠች። አስካለ አጠገቧ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሙሀባ በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ፈርታ አታውቅም፤ እውነቱን ማሳየቷን ታውቃለች፣ እውነቱን ያሳየችበት ዋጋ ግን የራሷ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጡት ጋሼ ነጅሙዲን ናቸው። ቋጠሮውን ፈተው አራቱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉ። «አባትሽ ቢኖር በዱላ ይለኝ ነበር።»

«አፉ ብያለሁ ጋሼ። እንዳልኩት በአራት አዲስ እለውጥልዎታለሁ።»

«እኔ ምን ላይ ልሰካው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስልካቸው መብራትና ቁጥር ብቻ ያለው ነው። ሙሀባ ከመደርደሪያ ካርድ የምትጎርስ ትንሽ ሬዲዮ አወረደች፤ በአዲሱ ካርድ መንዙማ ሞልታ ሰካችላት። ሌሎቹን ሦስት ካርዶች ለልጅ ልጆቻቸው በወረቀት ጠቀለለችላቸው። ሽማግሌው ሬዲዮዋን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲወጡ ስለ ፍየሏ አላነሱም።

ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም መጡ። ቀጥ ብለው አልመጡም፤ አንዷ ቻርጀር ልትጠይቅ፣ አንዱ ሰዓት ሊጠይቅ መጥቶ፣ ከዚያ ከኪሱ ካርዱን ያስቀምጣል። ተመስገን ከባጃጁ ወንበር ሥር አንድ አምጥቶ በር ላይ አስቀምጦ ሮጠ። ሙሀባ እያንዳንዱን ሞላች፣ ገለበጠች። ሰባቱ አልረቡም። አምስቱ ግን የገባባቸውን ሁሉ መለሱ። አንዱ የጋሼ ነጅሙዲን ነበር፤ አንድ ጊጋ፣ ጫፉ የተፋቀ።

ወደ አስካለ ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ሙሀባ አንዱን ላፕቶፑ ላይ «ፋት» በሚለው በአሮጌው ዓይነት ፎርማት አድርጋ፣ ንድፉን ጫነች፣ ትንሹን ካርድ ትልቅ በሚያደርገው አዳፕተር አልብሳ ማሽኑ ላይ ሰካችው። ማሽኑ ካርዱን አወቀው። ንድፉን ግን «የለም» አለ። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆዪ፣ አታልቅሺ» አለች ሙሀባ። «አሮጌ ማሽን እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ ቤቱን ራሱ ካላሰናዳ አይገባበትም።» ካርዱን ማሽኑ ራሱ ፎርማት እንዲያደርገው አዘዘችው። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና የራሱን ማኅደር፣ ፎልደር የሚሉትን፣ ከፈተ። ካርዱን መልሳ ነቀለች፤ ንድፎቹን በዚያ ማኅደር ውስጥ አስገባች፤ ረጃጅም ስማቸውንም አሳጥራ በስምንት ፊደል ጻፈች፣ የድሮ ማሽን ረጅም ስም አንብቦ አይጨርስምና። እንደገና ሰካችው። ማያው ላይ መስቀሉ ወጣ። አስካለ ጨርቁን ወጠረች፣ ቁልፉን ተጫነች፤ መርፌው መምታት ጀመረ።

ሙሀባ ሌሎቹን አራት ካርዶች በማሽኑ ላይ እየቀያየሩ ለማሰናዳት አልቸኮለችም፤ ለነገ አሉ። ቁጭ ብላ መርፌውን ታይ ነበር። መስቀሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የነበረው ነገር ወጣ።

«አስኩ፣ ለምን ስበሪው አልሽኝ? እንጀራሽ ነበር እኮ። ሌላ ካርድ ባይመጣልንስ ኖሮ?»

አስካለ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ መለሰች።

«እኔ ስለ ማሽን ምን አውቃለሁ? ያን ቀን አዲስ አበባ ላይ የገዛሁት አንቺ ‹እኔ አለሁ› ስላልሽኝ ነው። ከተማው አንቺን ውሸታም ካለሽ፣ ካርዱ ቢኖርም እኔ በቤቴ ያለኝ ብረት ብቻ ነው።»

ሙሀባ ሚሞሪ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጠረገች፤ ክሩ ሊያልቅ ነው ብላ ማሽኑን አስቆመችው።